የሚጡ ጆሮ ለክርስትናው ባይደርስስ?

ለሰማንያ ቀኗ ክርስትና ጆሮዋን ለማድረስ እንደተጣደፍሽ አይቻለሁ። ነጭ ቀሚስ ላይ ትንሽ ወርቅ ብልጭ ስትል እኔም እወዳለሁ። ግን እህቴ፣ እስቲ ቀኑን አብረን እንቁጠረው። ቴታነስን የሚከላከለውን ክትባት መጀመሪያ በስድስት ሳምንቷ፣ ቀጥሎ በአሥር ሳምንቷ ነው የምትወስደው። ሁለተኛውን በ70ኛው ቀን ወስዳ ወዲያው ብናስበሳት እንኳ፣ ቁስሉ ከአሥር ቀን ሳያልፍ የጥምቀት ውኃ ውስጥ ልትገባ ነው። የተበሳ ጆሮ ለመዳን ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል።

ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ዲግሪ ከደረሰ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይኬዳል፤ በዚያ ዕድሜ ኢንፌክሽን ቶሎ ወደ ደም ሊዛመት ይችላል። እኔን ከሰማሽኝ የ14 ሳምንቱን ክትባት ትውሰድ፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ቆይተን ለማስበሳት እንወስዳታለን። ክትባቱና ጆሮው ከተደራረቡ ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ ሲስተርም መለየት ያቅታታል።

የሰፈር ሴት በልብስ መርፌና በክር ትብሳት የሚለውን ግን እርሺው። እሳት ላይ ያዝ የተደረገ መርፌ ንጹሕ አይደለም፤ ከአንዱ ልጅ ጆሮ ወደ ሌላው ሲዞር ሄፓታይተስ ቢም፣ ኤችአይቪም አብሮት ሊዞር ይችላል። ክሩ እርጥበትና ቆሻሻ ይይዛል። ቀዳዳው ላይ የሚቀባው ቅቤም ለቁስል አይሆንም።

ክሊኒክ ስትሄጂም አትፈሪ፣ ጠይቂ። ሲስተር እጇን ታጥባ አዲስ ጓንት ታድርግ፤ መርፌውና ሎቲው ከታሸገበት ዓይንሽ እያየ ይከፈት። በማሽን የሚበሱ ከሆነ፣ ጆሮዋን የሚነካው ክፍል ታሽጎ የመጣና ከአንድ ልጅ በኋላ የሚጣል መሆኑን አረጋግጪ፤ ፕላስቲኩ ማሽን በእንፋሎት ሙቀት አይቀቀልም፣ በአልኮል መወልወሉም አይበቃውም። የሚበሳው ለስላሳው የታችኛው ሥጋ ብቻ ነው። መጀመሪያ በቀለም ምልክት ይደረግና ፊት ለፊት አይተሽ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ንገሪያት።

የልጅ ሕመም ቀላል ነው የሚሉሽን አትስሚ። ሕፃንም ያማታል። አቅፈሽ ጡት አጥቢያት፤ እየጠባች ስትወጋ ሕመሙ እንደሚቀንስላት የታወቀ ነው። ሁለት ነርሶች ሆነው ሁለቱንም ጆሮ እኩል የሚበሱበት ቦታ ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ አንዱን አልቅሳ ሁለተኛውን በፍርሃት አትጠብቅም። ማደንዘዣ ቅባት በራስሽ ገዝተሽ እንዳትቀቢ፤ ለሕፃን መጠኑ ከበዛ ደሟን ይጎዳል።

አያቷ ያዘጋጀችው ወርቅ ታሽጎ የመጣ ስላልሆነ ለጊዜው ይቆይላት። መጀመሪያ የሚገባው ትንሽ፣ ጀርባው ጥብቅ ሆኖ ቆዳዋን የማይጨምቅ ሎቲ ነው፤ ከቲታኒየም ወይም ከጥሩ ወርቅ የተሠራ። አርቲፊሻሉ ብዙ ጊዜ ኒኬል አለበት፣ ኒኬል ደግሞ ቆዳ ያሳክካል። ቀለበት የመሰለው ማዘያ ላይ ይያዛል፣ ጆሮ ይቀድዳል። ማታ ማታ ጀርባውን ዳሰስ አድርጊ፤ ከወለቀ ወደ አፏ ነው የሚሄደው።

ቤት ውስጥ ሥራው ትንሽ ነው። እጅሽን ታጥበሽ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠሽ፣ በንጹሕ ፋሻ ዙሪያውን አርሺው። አልኮል አይነካው። ሎቲውንም አታሽከርክሪ፤ ሊድን የጀመረውን ቆዳ መልሶ ይቀደዋል።

በባልሽ ወገን ጠባሳው እያበጠ የሚያድግበት ሰው ካለ ግን አስቀድመሽ ለሐኪም ንገሪ፤ ኬሎይድ በዘር ይሄዳል።

ጆሮዋ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሳት ሎቲውን ራስሽ አታውጪ፤ ቀዳዳው ተዘግቶ መግሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። በዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጃት።