ማንትራና የመቁጠሪያ ጸሎት



ወጣቶቻችን የቡድሃ መነኮሳት መቁጠሪያ ይዘው አንድን ቃል ሲደጋግሙ በፊልም ሲያዩ፣ «ይህ ከእኛ መቁጠሪያ በምን ይለያል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄውን በንቀት ወይም «ሁሉም አንድ ነው» በማለት ልንዘጋው አይገባንም።

ማንትራ ምንድን ነው?
ቃሉ የሳንስክሪት ሲሆን «የማሰቢያ መሣሪያ» እንደ ማለት ነው። በቲቤት ሕዝብ ዘንድ እጅግ የታወቀው «ኦም ማኒ ፓድሜ ሁም» የተሰኘው ማንትራ ነው፤ ይህም ርኅራኄን ከሚወክለው ከአቫሎኪቴሽቫራ ጋር የተያያዘ ነው። ደጋሚው በ108 ፍሬ መቁጠሪያ እየቆጠረ የተበታተነ አእምሮውን ይሰበስባል፤ ቍጣን ማራቅንና ለፍጥረት ሁሉ መራራትን ይለማመዳል። በጃፓንም መነኩሴው ሆኔን ከ1175 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአሚዳ ቡድሃን ስም በእምነት መጥራት ላልተማረው ሰው እንኳ እንደሚበቃ አስተማረ። ደቀ መዝሙሩ ሺንራን ደግሞ ይህ ጥሪ የሰው ትሩፋት ሳይሆን የምስጋና ቃል መሆኑን አስረዳ።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?
2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በጥቅምት 28 ቀን 1965 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው «ኖስትራ ኤታቴ»፣ ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ሃይማኖቶች ውስጥ ከሚገኘው እውነተኛና ቅዱስ ነገር አንዱንም እንደማትንቅ ገልጿል። ስለ ክርስቲያናዊ ተመስጦ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከቫቲካን ለጳጳሳት የተላከው መልእክት ደግሞ ጸሎት የሰውና የእግዚአብሔር የግል ንግግር መሆኑ እንዳይደበዝዝ ያስጠነቅቃል።

ልዩነቱ የት ላይ ነው?
ልዩነቱ በመደጋገሙ ላይ አይደለም። እኛም በግዕዝ ሥርዓታችን «እግዚኦ» እያልን እንደጋግማለን። ጌታችን የነቀፈው በቃል ብዛት እንሰማለን የሚለውን አሳብ ነው (ማቴ. 6፣7)፤ እርሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸልዮአል (ማቴ. 26፣44)። ልዩነቱ በምንጠራው ላይ ነው። ቡድሃ ፈጣሪ አምላክ ነው ተብሎ አይታመንም፤ ማንትራውም በተለይ የደጋሚውን አእምሮ ያሠለጥናል። የእኛ ጸሎት ግን አስቀድሞ ለጠራን አባት የምንሰጠው መልስ ነው።

ስለዚህ የክርስቶስን ምሥጢራት ሳናስተነትን ፍሬ ብቻ ብንቆጥር፣ የመነኩሴው ትጋት ይወቅሰናል። ሌላውን እናክብር፤ የራሳችንንም በልብ እንጸልይ።

ለውይይት
1. መቁጠሪያ ስንጸልይ ልባችን ከማን ጋር ይነጋገራል?
2. ለሚጠይቁን ወጣቶች ልዩነቱን ያለ ንቀት እንዴት እናስረዳለን?