ወንድማማችነት ውልን አያስቀርም!

ዛሬ የማነሳው ከዲን ጉዳይ ውጭ አድርገን የምናየውን የቤት ኪራይ ውል ነው።

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር እስከ ፔዳና ፖሊ፣ ስንቱ ተማሪ፣ ሠራተኛና ነጋዴ በኪራይ ቤት ይኖራል! አከራዩም ብዙ ጊዜ በግቢው ሰርቪስ ሠርቶ በኪራዩ ልጆቹን የሚያሳድግ ነው። ሁለቱም «ወንድማማቾች ነን፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ለሽምግልና ስቀመጥ ያየሁት ግን ጠቡ ከዚህችው ቃል እንደሚነሳ ነው። አከራይ «ለስድስት ወር ነበር» ሲል ተከራይ «ለዓመት ነው» ይላል። ማስረጃ በሌለበት ሽማግሌ ማንን ይመን?

መልሱ በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 282 አለ። በቁርኣን ረጅሙ አያ ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም መሆኑን እናስተውል! የታዘዙትም አማኞች እንጂ የማይተማመኑ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ዑለማዎችም በኢጃራ ቤቱ፣ ኪራዩና ጊዜው ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት አስተምረዋል።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። መጋቢት 17 ቀን 2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ ቀርቦ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ ወለድን የሚፈራ ከወለድ ነፃ ሒሳብ መክፈት ይችላል። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ እንጂ አከራዩ ባሻው ወር አይደለም።

አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሎች በሚወስኑት መሠረት ስለሆነ፣ የከተማችን ሰው አስተዳደሩን ጠይቆ ይረዳ። ሕግ ባያስገድደው እንኳ ይጻፍ! «ክርክር ቢነሳ ወደ ቃዲ እንሄዳለን» የሚሉም አሉ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን ግን በጋብቻ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰለው ነው፤ የኪራይ ክርክር የሚዳኘው በመደበኛ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ዳኛው ደግሞ ወረቀት ይጠይቃል።

እንግዲህ አከራይ ሆይ፣ ቤተሰብን በክረምት ዝናብ ሜዳ ላይ ከመጣል አላህን ፍራ! ተከራይም ሆይ፣ ቤቱ አማና ነውና ጠብቀው፤ ኪራዩንም በቀኑ ክፈል። በሁለታችሁ መካከል ብዕርና ምስክር ይግባ፤ ወንድማማችነቱም ይጠበቃል።

ወላሁ አዕለም።