ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ ምግብ ጣዕም ሲያጣ

ጉሮሮውን በቀዶ ሕክምና የታከመ ሰው «ወጡ ምንም አይለኝም» ቢል፣ ቤተሰቡ ምግብ አማረጠ ብሎ እንዳይቆጣው እንለምናለን። ችግሩ የእውነት ነው። ምክንያቱ ግን እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ስለሚለያይ በዚህ እትማችን ለየብቻ እናየዋለን።

ቶንሲሉን ያስወጣ ሰው ጣዕም ቢለወጥበት፣ በቶንሲሉ አጠገብ ወደ ምላስ ሥር የሚሄደው ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚያጋጥመው ጥቂቶችን ነው፤ በአብዛኛውም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል።

በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ በሙሉ የወጣለት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ጨረር ምላሱን ካላደነዘዘው በቀር ጨውን፣ ስኳርንና ሎሚን ይለያል። የጠፋበት ሽታው ነው። የሚተነፍሰው በአንገቱ ቀዳዳ ስለሆነ አየር በአፍንጫው አያልፍም፤ የኮረሪማንና የቅቤን ቃና የምናውቀው ደግሞ በአብዛኛው በአፍንጫችን ነው።

ለዚህ የሚረዳ ዘዴ በኔዘርላንድ ሐኪሞች ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። ገንዘብ አያስከፍልም። ከንፈርን ገጥሞ አገጭንና ምላስን ወደ ታች እየሳቡ ደጋግሞ ማዛጋት ነው፤ በሽማግሌ ፊት ማዛጋታችንን ለመደበቅ እንደምናደርገው ማለት ነው። ያን ጊዜ አየር በአፍንጫ ይሳባል። የተቆላ ቡና በሲኒ አድርጎ በየቀኑ መለማመድ ይቻላል። ጭሱ ግን ወደ አንገት ቀዳዳ እንዳይገባ ቡናው ሲቆላ ራቅ ማለት ይሻላል።

ጣዕም እስኪመለስ ድረስ በሰዓቱ መብላት ግድ ነው፤ ቁስል ያለ ምግብ አይሽርም። አጥሚት፣ ወተት፣ እንቁላል፣ በደንብ የተፈጨ ፉል ይስማማሉ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሎሚና ቀዝቃዛ ከርከዴ አፍን ያነቃሉ። ሚጥሚጣ መደራረብ ግን ጉሮሮን ከመለብለብ በቀር አይጠቅምም። በሱዳን ሙቀት ያደረ ወጥ ቶሎ ስለሚበላሽ ምግቡን ሌላ ሰው ያሽትለት፤ የሚያር ድስትም ሆነ የሚያፈስ ጋዝ እርሱ አይሸተውም።

የካርቱም የጨረር ሕክምና ማዕከል በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) በተነሳው ጦርነት ሥራውን አቋርጦ ነበር። እዚያ ታክማችሁ ወረቀቱ በእጃችሁ ያለ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። የጠፋበት ደግሞ ምን እንደ ወጣለትና ስንት ጊዜ ጨረር እንደ ወሰደ የሚያስታውሰውን ጽፎ ወደ ክሊኒክ ይያዝ። ክብደቱ የሚቀንስ፣ መዋጥ የሚያቅተው ወይም የሚደማ ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይሂድ።