የፍሬን መብራት ሲበራ፦ ዘይት ከመሙላትዎ በፊት

ቀይ ክብ፣ በመሃሉ ቃለ አጋኖ፣ በግራና በቀኙ ቅንፍ። ዳሽቦርድ ላይ ከሚበሩት ምልክቶች አንዱንም ለነገ ማሳደር አይገባም፤ ይህን ደግሞ ለሰዓትም ቢሆን። ብዙ ሾፌር ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው የፍሬን ዘይት ገዝቶ መሙላት ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቆያል። የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ የሚቃጠል ነገር አይደለም፤ ዝግ በሆነ መስመር ውስጥ ይመላለሳል እንጂ አያልቅም። ቀነሰ ማለት ወይ ሸራው ሳስቷል፣ ወይ አንድ ቦታ ይፈሳል። ዋናው ሥራ ያንን ማወቅ ነው።

ደረጃ 1፦ ፔዳሉን ይሞክሩ

እየነዱ ሳለ ከበራ ፍጥነት ቀንሰው ፔዳሉን ረገጥ ያድርጉ። እንደወትሮው ጠንካራ ከሆነ ጥግ ይዘው ይቁሙ። ከለሰለሰ ወይም ወለል ድረስ ከወረደ ቶሎ ቶሎ ደጋግመው ይርገጡ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይሳቡ። መኪናው ሳይቆም ሞተር አያጥፉ፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል አብሮ ይጠፋል፣ መሪውም ይከብዳል። ፍሬን የሌለው መኪና በገመድ አይጎተትም፤ ጎታቹ ሲቆም እሱ አይቆምምና። ተጭኖ ይሂድ።

ደረጃ 2፦ የእጅ ፍሬን

እስከ መጨረሻው መውረዱን ይመልከቱ። እጀታውን ወደ ታች ጫን ሲሉት መብራቱ ከጠፋ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ስዊች ተበላሽታለች ወይም ከቦታዋ ተንቀሳቅሳለች። ቀላል ጥገና ነው።

ደረጃ 3፦ የዘይቱ መጠን

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ኮፈኑን ይክፈቱ። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በኩል ከሞተሩ ጀርባ ያለው ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። በላዩ ላይ የከፍተኛና የዝቅተኛ መጠን መስመር ተጽፎበታል፤ ክዳኑን ሳይከፍቱ ከውጭ ይታያል። መጠኑ በቂ ሆኖ መብራቱ ከበራ፣ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት። ካልጠፋ የሴንሰሩን ሶኬት ይንቀሉ፤ በአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች ያን ጊዜ ከጠፋ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው።

ደረጃ 4፦ ቀንሶ ከሆነ፣ የት ሄደ?

ከሸራው ይጀምሩ። ሸራ በሳሳ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ዲስኩ ይጠጋል፤ ከኋላው የተከፈተውን ቦታ የሚሞላው ከማጠራቀሚያው የሚወርደው ዘይት ነው። ስለዚህ መጠኑ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ከወረደ ሸራውን መጠርጠር ተገቢ ነው። በቸርኬው ቀዳዳ በባትሪ አብርተው ይዩ። አዲስ ሸራ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየራል። የኋላው ታምቡር ከሆነ ካልተፈታ አይታይም። ሸራው አልቆ ሳለ ዘይት ከሞሉ፣ መካኒኩ አዲስ ሸራ ሊያስገባ ፒስተኑን ሲገፋ ዘይቱ ሞልቶ ይፈሳል፤ የነካውን ቀለም ይልጣል።

ሸራው ደህና ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ በቀናት ውስጥ ከወረደ፣ የሚፈስ ነገር አለ። የአራቱንም ጎማ የውስጥ ጎን፣ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን የላስቲክ ቱቦዎች፣ ከፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍ ይዳስሱ። የሚያሙለጨልጭ እርጥበት ካገኙ መኪናው አይነዳም። ምንም ካላገኙ ሞተሩን አስነስተው ፔዳሉን ለግማሽ ደቂቃ ረግጠው ይያዙ፤ ከእግርዎ ሥር ቀስ እያለ ከሰመጠ የዋናው ፓምፕ ጎሚኒ ተበልቷል።

ደረጃ 5፦ አብሮት ምን በርቷል?

ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ከሆነ የተለመደው ፍሬን ይሠራል፤ በድንገት ሲያዝ ግን ጎማ ሊቆለፍ ይችላል። ቀዩና ቢጫው አንድ ላይ ከበሩ ነገሩ ይከፋል፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ኃይሉን የሚያከፋፍለው ሥርዓት ሊቆም ስለሚችል የኋላው ቀድሞ ተቆልፎ መኪናውን ሊያዞረው ይችላል። የፍሬንና የባትሪ መብራት አብረው ከበሩ፣ በአንዳንድ ቆየት ያሉ የጃፓን መኪኖች ጥፋቱ የዲናሞው ነው።

ደረጃ 6፦ አሁን ይሙሉ

ክዳኑ ላይ የተጻፈውን፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ይከተሉ። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ አይግባ፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስም አይሁን፤ የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ የጠጣው ግን 155 ገደማ ላይ ሊፈላ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ላይ የቆመ ሾፌር ዘይቱን እዚያ ሊያደርሰው ይችላል፤ ያን ጊዜ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። መጠኑ ሙሉ ስለሆነ መብራቱ ይህን አስቀድሞ አይነግርዎትም። ዘይቱ ቡናማ ከሆነ፣ ወይም 2 ዓመት ካለፈው፣ ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩት። ቁልቁለትንም በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ።

ሲጨርሱ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ያዙሩ፦ መብራቱ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ተነስቶ የእጅ ፍሬኑ ሲወርድ ደግሞ መጥፋት አለበት። ያገለገለ መኪና ሲገዙም ይህን ሳይሞክሩ ገንዘብ አይክፈሉ። ከነጭራሹ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም ጥፋቱን ለመሸሸግ ሆን ተብሎ ተነቅሏል።