ፊቱ ወደ ውጭ የሚገፋ ሚያታ

ጥያቄ፦ ለውድድር ትራክ ብዬ የ1990ዎቹን ማዝዳ ሚያታዬን ሞላና ሾክ አብዞርበር ቀይሬ በጣም ዝቅ አደረግሁት። አሁን ኩርባ ላይ መሪውን ባዞርም ፊቱ ወደ ውጭ ይገፋል። የበለጠ ጠንካራ ሞላ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ፤ መጀመሪያ መኪናውን ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ከመጠን በላይ ዝቅ ሲል ሾኩ ኩርባው መሃል ላይ ከማቆሚያ ላስቲኩ ጋር ይጋጫል፤ የፊት ጎማዎቹም ያኔ መሬት መቆንጠጣቸውን ያጣሉ። ማረጋገጡ ቀላል ነው፦ በሾኩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርገው ይሰሩና ወደ ታች አውርደው ይንዱ። ሲመለሱ ማሰሪያው ላስቲኩ ድረስ ተገፍቶ ካገኙት ችግሩ እሱ ነው።

ከፍታው ሲለወጥ የጎማው አቀማመጥም ስለሚዛባ አላይመንት የግድ ነው። ለትራክ ጎማ ከ2.5 እስከ 3 ዲግሪ ኔጋቲቭ ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ማዘንበል) ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ፈጥነው ነድተው እንደገቡ፣ ጎማው ሳይቀዘቅዝ፣ ሙቀቱን ከውስጥ፣ ከመሃልና ከውጭ ይለኩ። የውጭው ጠርዝ ከውስጡ ከበለጠ ካምበሩ ገና ይቀረዋል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም መግፋቱ ካልቀረ ብቻ የፊቱን የማረጋጊያ ዘንግ አንድ ደረጃ ያላሉ። አንዱን ቀይረው ሳይሞክሩ ግን ሌላውን እንዳይነኩ አደራ።