መኪናውን ቤት አድርጎ የሚመጣ እንግዳ

በጣና ዳር በጎርጎራ፣ ከሆላንድ የመጡ ባልና ሚስት የመሠረቱት አነስተኛ የመንገደኞች ማረፊያ መኪናቸውን ቤት አድርገው የሚጓዙ እንግዶችን አስተናግዷል። እንዲህ ያለው እንግዳ አልጋ ባይከራይም ዳቦ፣ እንቁላል፣ ማርና ነዳጅ ይገዛልና ለባለሱቁ ደንበኛ ነው።

ኢሉባቦር የጣናን ያህል ሐይቅ ባይኖራትም በመቱ አቅራቢያ የሶር ፏፏቴ አላት። ጎብኚው ውሃውን አይቶ በዕለቱ ከተመለሰ ግን ገንዘቡም አብሮት ይመለሳል። እርሱን ለማሳደር ብዙ መዋዕለ ንዋይ አያስፈልግም፤ ዝናብ የማያጨቀየው ደልዳላ ግቢ፣ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ የሌሊት ዘበኛና በበሩ ላይ የተጻፈ ዋጋ ይበቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። እንደ እንግዳው መልክ ዋጋ የሚለዋውጥ ቤት ለአንድ ሌሊት ቢያተርፍም፣ መንገደኛ ለመንገደኛ ይነግራልና ተከታዩን እንግዳ ያጣል።