ከሐሞት ቧንቧ ወደ ደም

ጉበት በየዕለቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል። ይህ ፈሳሽ በሐሞት ቧንቧ በኩል ወደ ትንሹ አንጀት ወርዶ የቅባት ምግብ እንዲፈጭ ያግዛል። አንጀት በባክቴሪያ የተሞላ ቢሆንም የጤናማ ሰው ሐሞት ግን ከሞላ ጎደል ከባክቴሪያ የጸዳ ነው። ሐሞቱ ሳይቋረጥ ወደ ታች መፍሰሱ፣ በቧንቧው ጫፍ ያለው ክብ ጡንቻ እንደ በር ማገልገሉና የሐሞት ጨዎች የባክቴሪያን እድገት መግታታቸው ለዚህ ምክንያት ናቸው።

ቧንቧው ሲዘጋ ምን ይከሰታል?

ቧንቧው በሐሞት ጠጠር፣ በዕጢ ወይም በጠባሳ ሊዘጋ ይችላል። ወስፋት በሚበዛባቸው አካባቢዎች ትሉ ራሱ ገብቶ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። በቆመው ሐሞት ውስጥ እንደ ኢሸሪሺያ ኮላይና ክሌብሲዬላ ያሉ የአንጀት ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ይሁን እንጂ ዋናው አደጋ የግፊቱ መጨመር ነው። በጤናማ ቧንቧ ውስጥ ከ7 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር የውኃ ዓምድ የሚለካው ግፊት ወደ 25 ገደማ ከደረሰ፣ ባክቴሪያዎቹና መርዛቸው ወደ ደም ይሰርጋሉ። የደም መመረዝ የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው።

ምልክቶቹ

ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ በ1877 እ.ኤ.አ. ሦስት ምልክቶችን ገልጿል፤ እነርሱም ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ በሆድ የላይኛው ቀኝ ክፍል የሚሰማ ሕመም እና የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን ናቸው። በ1959 እ.ኤ.አ. ሬይኖልድስና ዳርጋን የደም ግፊት መውደቅንና የአእምሮ መደናገርን አከሉ። ሁሉም ምልክቶች በሁሉም ሕሙማን ላይ ስለማይታዩ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ያስፈልጋሉ።

ሕክምናው

በቅድሚያ ለምርመራ ደም ተወስዶ በደም ሥር ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ሆኖም ግፊቱ ከፍ ባለበት ቧንቧ ውስጥ መድኃኒቱ በበቂ መጠን ወደ ሐሞቱ አይገባም። ስለዚህ የታገደው ሐሞት መፍሰስ አለበት። ይህም በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ፣ በቆዳ በኩል በሚያልፍ መርፌና ቱቦ ወይም በቀዶ ሕክምና ይከናወናል።

በሆንግ ኮንግ ተካሂዶ በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በጠና የታመሙ 82 ሰዎችን በሁለት እኩል ቡድን ከፍሎ ነበር። በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከል 13፣ በኢንዶስኮፕ ሐሞቱ ከፈሰሰላቸው መካከል ግን 4 ብቻ ሞቱ። ዛሬ ኢንዶስኮፕ የመጀመሪያ ምርጫ የሆነው እንዲህ ባሉ ማስረጃዎች ነው።

እንግዲህ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት የያዘው ሰው «የወፍ በሽታ ነው፣ ይለቀዋል» ተብሎ በቤት መቆየት የለበትም። በዚህ ሕመም የሰዓታት መዘግየት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።